ሙያ በልብ አይደለም

«ሙያ በልብ ነው» የሚለው ተረት የተነገረው ለጉረኛ ነበር፤ ሥራህ ይናገር፣ አንተ ዝም በል ለማለት። ዛሬ በምዕራብ ሐረርጌ፣ በጭሮ ጋራዦችና ብየዳ ቤቶች፣ በሂርናም፣ በበደሳም፣ በገለምሶም ትርጉሙ ዞሮ የሙያ ሕግ ሆኗል፦ የምታውቀውን በወረቀት አታስፍር፤ ካሰፈርክም ለማንም አታሳይ። የኢሱዙ ካሶኒ የሚሠራውን ባለሙያ «ስዕሉ የታለ?» ብትሉት ጣቱን ወደ ግንባሩ ያነሳል። የወፍጮ አካል የሚገጣጥመው ሌላው ደግሞ ስዕል አለው፤ ስዕሉ ግን ሳጥን ውስጥ ነው፣ ሳጥኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉም ከኪሱ አይለይም። ሁለቱም ሙያቸውን የጠበቁ ይመስላቸዋል።

እኔ ደግሞ አልጠበቁትም እላለሁ። የተደበቀ ስዕል ከስዕል ሁሉ ያነሰ ጥበቃ ያለው ነው። ሌባ ሳይደርስበት ዘይት፣ ፀሐይ፣ ዝናብ፣ መርሳትና ሞት ቀድመው ይደርሱበታል።

ተከራካሪዎቼን አላቃልልም። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የሚለውም ተረት ከሜዳ አልመጣም። አንድ ሰው ወራት ደክሞ የበቆሎ መፈልፈያ ቢሠራ፣ ጎረቤቱ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ዓይቶ፣ በሳምንቱ በርካሽ ብረት ሠርቶ ይሸጥበታል። ይህ ሲደርስበት የኖረ ሰው ቢደብቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ነገሩን ልብ ብለን እንየው። ጎረቤቱ የቀዳው ከስዕሉ ነው ወይስ ከዕቃው? ከዕቃው ነው። መፈልፈያው ገበያ ከወጣ በኋላ ስዕሉን መቆለፍ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። ከዕቃው ላይ የማይቀዳው ነገር ሌላ ነው፦ ያ ብረት ለምን ያን ያህል እንደወፈረ፣ ቀዳዳው ለምን ሁለት ጊዜ እንደተዛወረ፣ የመጀመሪያው ሙከራ የት ላይ እንደተሰነጠቀ። ይህ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ካልጻፈው ለባለቤቱም አይቆይም።

ክርክሬን በቀላል ዕቃ አላስረዳም፤ ከባዱን እመርጣለሁ፦ በግቢ ውስጥ የሚሠራ አውሮፕላን። ጫትና ቡና በሚጫንበት ከተማ ስለ አውሮፕላን ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። የመረጥኩት ይቅርታ የማያውቅ ሥራ ስለሆነ ነው። የበር መቃን አንድ ሴንቲ ሜትር ቢዛባ በመላጊያ ይስተካከላል። የክንፍ አቀማመጥ ሲዛባ የሚያስተካክለው መሬት ነው። ደግሞም ነገሩ ሕልም አይደለም፤ ኢትዮጵያዊ ሞክሮታል።

አስመላሽ ዘፈሩ አብራሪ መሆን ፈልጎ በአንድ ሴንቲ ሜትር የቁመት ማነስ ተመልሷል። ተስፋ አልቆረጠም፤ መመሪያ እያነበበ፣ በዩቲዩብ የሌሎችን አሠራር እያየ፣ የቮልስዋገን መኪና ሞተር ገጥሞ አነስተኛ አውሮፕላን ሠራ። ስሟን «ኬ-570ኤ» አላት፦ «ኬ» እናቱን ኪሮስን፣ 570 የፈጀበትን ቀናት፣ «ኤ» ኤርክራፍት የሚለውን ቃል ያመለክታሉ። በ2007 ዓ.ም. ያደረገው የመጀመሪያ ሙከራ አልሰመረም። ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚያነሳው ወይ ጀግንነቱን ወይ አለመነሳቷን ነው። እኔ የማነሳው ሌላ ነው። ይህ ሰው ጥበቡን ያገኘው ከየት ነው? እውቀታቸውን ጽፈው፣ ስለው፣ ቀርጸው ለማያውቁት ሰው ካስቀመጡ ባለሙያዎች ነው። ሁሉም «ሙያ በልብ» ቢሉ ኖሮ 570ው ቀን መቁጠር እንኳ አይጀምርም ነበር። ከደባቂ ማንም ተምሮ አያውቅም፤ ታዲያ ተምረን ስናበቃ ደባቂ የምንሆነው በየትኛው ፍርድ ነው?

አሁን ወደ ወረቀቱ እንውረድ። «ጥበቃ» ሲባል ቁልፍ ብቻ የሚታየው ሰው የወረቀትን ጠባይ አያውቅም። አንድ ቀላል አውሮፕላን በስዕል ሲሠራ ወረቀቱ ከላሜራው፣ ከእንጨቱና ከሙጫው ጋር ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት አብሮ ይውላል። ግሪስ የነካው ጣት «3»ን «8» ያደርጋል። በመስኮት የሚገባ ፀሐይ መስመሩን ያደበዝዛል። የብየዳ ፍንጣሪ ቀዳዳ ይከፍታል። በክረምት እርጥበት ወረቀት ይለጠጣል፤ በበጋ ይሰበሰባል። ስለዚህ ነው የዚህ ሥራ ሰዎች «ከስዕሉ ላይ በማስመሪያ አትለካ፤ የተጻፈውን ቁጥር ተከተል» የሚሉት። ወረቀቱ ይንቀሳቀሳል፤ ቁጥሩ ይቆማል።

ከዚህ የባሰ ጠላት ደግሞ ፎቶ ኮፒ ነው። አንዳንድ ስዕል በሙሉ መጠኑ የታተመ ነው፤ የክንፉን ጎድኖች ቅርጽ በቀጥታ ከእሱ ላይ ወስደህ በኮምፔንሳቶ ትቆርጣለህ። ማሽኑ በመቶ አንድ ብቻ ቢያሳንሰው ዓይን አያየውም። 1,200 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ጎድን ግን 12 ሚሊ ሜትር አጥሮ ይወጣል። ሁሉንም ጎድን ከአንድ ኮፒ የሠራ ሰው ስህተቱን በቶሎ አያውቅም፤ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉና። ግማሹን ከኦሪጅናሉ፣ ግማሹን ከኮፒው የሠራ ደግሞ ክንፉ ለምን እንደተወላገደ እያሰበ ያድራል። መፍትሔው ምስጢር አይደለም። ኮፒው ላይ ርዝመቱ በቁጥር የተጻፈ አንድ መስመር ፈልጎ በሜትር መለካት ነው። ልክ ከሆነ «ተለክቷል» ብሎ ቀን መጻፍ፣ ካልሆነ መቅደድ።

ታዲያ እውነተኛው ጥበቃ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ኦሪጅናሉ ከሥራ ቦታ ይራቅ፤ ደረቅ ቦታ፣ ሳይታጠፍ፣ ተጠቅልሎ ወይም ተዘርግቶ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ የሚሠራበት ኮፒ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ሁሉም ባለሙያ የሚያየው ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ዘይት ሲነካው በጨርቅ ይጠረጋል። ሦስተኛ፣ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ፤ እሳትና ጎርፍ ሁለት የተራራቁ ቤቶችን በአንድ ሌሊት የሚያዳርሱት ከስንት አንዴ ነው። አራተኛውና ዋናው፣ የተለወጠ ነገር ሁሉ ቀንና ምክንያት ተጽፎበት ስዕሉ ላይ ይግባ። ቡሎኑ ከ6 ወደ 8 ሚሊ ሜትር ተለውጦ ስዕሉ ላይ 6 ሆኖ ከቀረ፣ ያ ስዕል ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሸታም ነው። ውሸታም ስዕል ደግሞ ከጠፋ ስዕል ይብሳል፤ የጠፋን ማንም አያምነውምና። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ደብተር፣ እስክሪብቶና ጥቂት ፕላስቲክ ነው። ዋጋው ከአንድ ጥሩ የብየዳ መነጽር አይበልጥም።

ለምን ይህን ያህል ስለ ማስታወሻ እከራከራለሁ? ጭሮ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከባሕር ዳርቻው ጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል፤ አየሩ ስስ ነዋ። ክንፉም በስስ አየር ለመነሳት የበለጠ ፍጥነትና ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። ከቆላማ አገር የመጣ ስዕል ይህን አይነግርህም። በጨርጨር ተራራ ላይ የሞከረ ሰው ከስዕሉ ጠርዝ የሚጽፋት አንዲት መስመር «እዚህ ይህ ፕሮፔለር አልበቃም» ብትል፣ በውጭ አገር መጽሐፍ የማትገኝ እውቀት ናት። እሷን ሳጥን ውስጥ መቆለፍ ከሌባ ማዳን አይደለም። ለመጪው ሙከራ የተዘጋጀውን መልስ መቅበር ነው።

«የውጭ አገር ሰው ደብቆ አይደል የበለጸገው?» የሚል መልስ ይመጣብኛል። የአውሮፕላን ታሪክ ተቃራኒውን ይመሰክራል። ራይት ወንድማማቾች በእ.ኤ.አ. 1906 የፈጠራ መብታቸውን ካስመዘገቡ በኋላ ሌላው እንዳይጠቀምበት ሲከላከሉ ዓመታት በፍርድ ቤት ክርክር አለፉ። አሜሪካ በ1917 ወደ ዓለም ጦርነቱ ስትገባ፣ አውሮፕላን የተፈለሰፈባት አገር ልጆች በፈረንሳይና በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ለመዋጋት ተገደዱ። በዚያው ዓመት መንግሥት አምራቾቹ መብታቸውን በአንድ ቋት እንዲያደርጉ ግድ አለ። በዚያው ዘመን ብራዚላዊው ሳንቶስ ዱሞን የትንሿን አውሮፕላኑን የ«ዴምዋዜልን» ንድፍ ለፈለገ ሁሉ በነፃ ለቀቀ፤ በ1910 በአሜሪካ መጽሔት ታትሞ ወጣ። ሳንቶስ ዱሞን ንድፉን ስለሰጠ ስሙ አልጠፋም፤ ብራዚል ዛሬም የአቪዬሽን አባቷ ትለዋለች።

ለእኔ የሚመቸኝን ብቻ አላወራም፤ የሚከብደኝንም አመጣለሁ። ፈረንሳዊው ሄንሪ ሚኜ በእ.ኤ.አ. 1934 ባሳተመው መጽሐፍ «የሰማይ ቁንጫ» የተባለችውን አውሮፕላን ማንም በግቢው እንዲሠራት ንድፏን ዘርዝሮ ሰጠ። ሰው ተረባረበባት። ከዚያ ሰው መሞት ጀመረ። ቁልቁል ስታዘነብል የፊቱና የኋላው ክንፍ እርስ በርስ የሚያደርጉት ተጽዕኖ ቀና እንዳትል ይይዛታል። በ1936 በእንግሊዝና በፈረንሳይ በነፋስ መሿለኪያ ተፈትሻ ጉድለቱ ታወቀ፤ በረራዋም ታገደ። «አየህ? ስዕል መስጠት ሰው ገደለ» ሊባል ይችላል። እኔ ግን የምጠይቀው ጉድለቱ እንዴት ታወቀ ብዬ ነው። ንድፉ የተገለጠ ስለነበረ ብዙዎቹ አውሮፕላኖች አንድ ዓይነት ነበሩ፤ አንድ ዓይነት ስለነበሩም አደጋው «የአብራሪው ዕድል» ተብሎ አልታለፈም፤ ከንድፉ ጋር ተገናዘበ፣ ተመረመረ፣ ኋላም ታረመ። እያንዳንዱ ሰው በልቡ ቢሠራት ኖሮ እያንዳንዱ በየራሱ ስህተት ይሞት ነበር፤ ከሞቱም ማንም አንዳች አይማርም። የሚኜ ታሪክ የሚያስተምረው ስዕልን ከመስጠት በፊት ፈትሽ የሚለውን ነው። ደብቅ አይልም።

ሕጉም ከእኔ ጋር ነው። በአገራችን የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ደግሞ ቁጥር 410/1996። የፈጠራ መብት የሚሰጠው ለደበቀ ሰው አይደለም። ሌላ ባለሙያ አንብቦ ሊሠራው እስኪችል ድረስ ዘርዝሮ ለጻፈና ለሣለ ሰው ነው። ስምምነቱ ግልጽ ነው፦ አንተ ትገልጣለህ፣ መንግሥት ለተወሰነ ዘመን ይጠብቅሃል። «በጭንቅላቴ ነው» የሚል ሰው ጎረቤቱን ሊከስ ፍርድ ቤት ቢሄድ ዳኛው የሚያየው ግንባር እንጂ ማስረጃ አይደለም። ቀን የተጻፈበት፣ ገጹ የተቆጠረ፣ ማስተካከያው የተመዘገበበት የሥራ ደብተር ግን ይናገራል። ስለዚህ ሌባን የሚፈራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

እዚህ ላይ ልዩነት ላስቀምጥ፤ ያለዚያ ክርክሬ ልቅ ይሆናል። አዲስ ነገር አግኝቻለሁ የሚል ሰው ማመልከቻውን ሳያስገባ አደባባይ ይዞ አይውጣ። ዋጋውን፣ ደንበኛውንና ብረት የሚያመጣለትን ነጋዴ መደበቅ መብቱ ነው። ከሌላ ሰው የተገዛ የአውሮፕላን ስዕልም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቅደው አንድ አውሮፕላን ለመሥራት ነው። ለራስህ ሥራ ቤት የሚሰቀል ኮፒ አንድ ነገር ነው፤ አባዝቶ ለጎረቤት መሸጥ ሌላ ነው፣ እሱ ስርቆት ነው። የምቃወመው ይህን ጥንቃቄ አይደለም። የምቃወመው ደቀ መዝሙር እንኳ እንዳያይ የሚሸፈነውን፣ አስተማሪው ሲያርፍ አብሮት የሚቀበረውን ስዕል ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ባህልን ይጠራብኛል፤ «አባቶቻችን በቃል ኖረዋል» ይላል። ይህን ክርክር በምዕራብ ሐረርጌ ማንሳት ደፋርነት ነው፤ የገዳ ጉባኤ ይሰበሰብበት የነበረው ኦዳ ቡልቱም እዚሁ ነውና። አዎን፣ የገዳው ሕግ በቃል ነበር። በምስጢር ግን አልነበረም። በኦዳው ጥላ ሥር ጉባኤው ተሰብስቦ ይታወጅ ነበር። ብዙ ሰው ስለሰማው አንዱ ቢረሳ ሌላው ያስታውሳል፤ አንዱ ቢያጣምም ሌላው ያቀናል። በዛሬ ቋንቋ ብዙ ኮፒ ነበረው። ደባቂው ባለሙያ ከዚህ ባህል ቃሉን ወስዶ ጉባኤውን ጥሎታል።

የብራናውም ባህል ይመስክር። መጽሐፍ ማኅደር ይሰፋለታል፤ ከግድግዳ ይንጠለጠላል፤ እርጥበትና አይጥ እንዳይነካው ይጠበቃል። ግን ማኅደሩ መጽሐፉን ብቻውን አላኖረውም። ያኖረው ጸሐፊው ተቀምጦ ሌላ መገልበጡ ነው። አንዱ ደብር ቢቃጠል ሌላው ደብር ውስጥ ይገኛል። ማኅደርና ግልባጭ፣ እነዚህ ሁለቱ የእኛው ጥበቃ ናቸው። ሳጥንና ቁልፍ የሚመጣው ከብር ቤት ነው፤ ከመጽሐፍ ቤት አይደለም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያለውም ያው ሕዝብ ነው፤ ባለሙያዎቻችን ከሁለቱ ተረቶች የሚያስረንን ይዘው የሚያወርሰንን ተዉት።

ጭሮ ራሷ የዚህ ምስክር ናት። አሰበ ተፈሪ ተብላ ስትቆረቆር የጨርጨር ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። አውራጃውን ለሌላው አርአያ እንዲሆን በዕቅድ ለማስተዳደር ተነሱ፤ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። እኚህ ሰው ያዩትንና የሠሩትን ጽፈው አስቀመጡ። በእ.ኤ.አ. 1977 አረፉ፤ የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው በ2006 ነው። ወደ ሠላሳ ዓመት ወረቀቱ ጠበቀ። ሰውየው «ሙያ በልብ» ብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የከተማዋን አጀማመር ከአንደበታቸው የምንሰማበት መንገድ አይኖርም ነበር።

በመጨረሻ ወደ አውሮፕላን ልመለስ። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት «ፀሐይ» በእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1935 በረረች። የተሠራችው ኤሪክ ማይንድል የተባለ ኦስትሪያዊ በነደፈው መሠረት ነው። እንግዲህ አገራችን ውስጥ ለተሠራችው አውሮፕላን እንኳ መነሻው አንድ ሰው ለሌላው ያስተላለፈው ንድፍ ነበር። ጣሊያን ማርኮ ወሰዳት፤ በቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ኖረች፤ ከ88 ዓመት በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች። ደስ ብሎናል፣ ይገባልም። ግን ይህ ደስታ አንድ ነገር ያሳስበኛል። የተማረከ ዕቃ በድርድር ይመለሳል፤ ከባለሙያው ጋር የተቀበረ እጅ ግን የትኛውም ድርድር አይመልሰውም። ሌባ የወሰደው የት እንዳለ ይታወቃል። እኛው የደበቅነው ግን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ የጭሮና የአካባቢዋ ባለሙያዎች ሆይ፣ የቴክኒክና ሙያ መምህራን፣ በኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩም ጭምር፦ አውሮፕላኑን ዛሬ ሥሩ አልላችሁም። ከካሶኒው ጀምሩ። ከወፍጮው ጀምሩ። የሚቀጥለውን ሥራ ስትቀበሉ ደብተር ክፈቱ፤ ቀን ጻፉ፤ ልኩን ጻፉ፤ የተሰበረውንና የተለወጠውን ጻፉ፤ ኮፒውን ግድግዳ ላይ ስቀሉ፤ ሌላውን ለምታስተምሩት ልጅ ስጡት። ያ ልጅ አንድ ቀን ክንፍ መሥራት ቢያምረው፣ የወረቀትን ዋጋ ከእናንተ ሥራ ቤት ግድግዳ ላይ ተምሮ ይነሳል። ቁልፉን ከኪሳችሁ አውጡና ሳጥኑን ክፈቱ፤ ውስጡ ያለውን ወረቀት አይጥ በልቶት ልታገኙ ትችላላችሁና።